ዝም የማይል ሳቅ

ቡሬ ጠጅ ቤት ውስጥ አዝማሪ ሲጫወት አይታችሁ ከሆነ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ሰዉ ከሳቀ ቀልዱን ያከርረዋል፤ ዝም ካለ ፊቱን ወደ ሌላ ሰው ያዞራል። ለእሱ ሳቅ መልስ ነው።

አሜሪካዊው የድምፅ ባለሙያ ቻርልስ ዳግላስ ግን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተቀዳ ሳቅ የሚያጫውት ማሽን ሠርቶ ለሲትኮሞች አቀረበ። ዘዴው ይሠራል! በ2019 የወጣ የለንደን ጥናት እንዳሳየው፣ 40 ተራ ቀልዶች ሳቅ ሲጨመርባቸው ይበልጥ አሳቂ ሆነዋል፤ ከልብ የተሳቀው ደግሞ ከማስመሰሉ በልጧል።

ታዲያ ምን አስከፋን? የተቀዳ ሳቅ ዝም አይልም። ደራሲው ሲስት የሚነግረው የለም፤ ደካማ ቀልድም ያልፋል። አዝማሪው ግን እዚያው ይታረማል።

ሌላ ጊዜ ሲትኮም ስታዩ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ያሳቀኝ ቀልዱ ነው ወይስ ሳቁ?