እህሉን ከአረሙ ጋር እንዳንነቅል፤ በበጎ ፈቃድ ስለሚሠራ የመጻሕፍት እርማት የቀረበ ሒስ

«ማረም» የሚለው ቃል በአማርኛ ለሁለት ሥራ ያገለግላል። ገበሬው ከጤፉ መካከል አረሙን ሲነቅል ያርማል፤ መምህሩም የተማሪውን ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ሲመለከት ያርማል። በሁለቱም ዘንድ ዋናው ችሎታ መንቀሉ ሳይሆን መለየቱ ነው። በአሁኑ ጊዜ አሮጌ መጻሕፍትን ወደ ኮምፒዩተር ጽሑፍ በመለወጡ ሥራ በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ያለ ክፍያ በአራሚነት ያገለግላሉ። እዚህ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሰባት ያለን የአማርኛ ተናጋሪ መምህራንና ተማሪዎች በዚህ ሥራ ለመሳተፍ ብናስብ ከአሠራሩ ምኑን መውሰድ፣ ምኑንስ ማሻሻል ይገባናል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ መመርመር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሥራው ባጭሩ እንግለጽ። ማይክል ሃርት የተባለው አሜሪካዊ «ፕሮጀክት ጉተንበርግ» የተሰኘውን ነፃ የመጻሕፍት ክምችት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በ2000 ደግሞ ቻርልስ ፍራንክስ የእርማቱን ሥራ ለብዙ ሰው የሚያከፋፍለውን «ዲስትሪቢዩትድ ፕሩፍሪደርስ» መሠረተ። መጽሐፉ ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ኮምፒዩተሩ ከፎቶግራፉ ላይ ፊደላቱን እየለየ ይጽፋል፤ ሆኖም ይሳሳታል። አራሚው ፎቶግራፉንና ጽሑፉን ጎን ለጎን አድርጎ ያመሳክራል፤ ኮምፒዩተሩ ያበላሸውን ያቃናል፤ ገጹንም ያስረክባል። ያው ገጽ ከዚያ በኋላ በሌሎች ሰዎች ዐይን ያልፋል። በዚህ ዐይነት ከ40,000 በላይ መጻሕፍት ለአንባቢ ቀርበዋል።

የአሠራሩ የመጀመሪያ በጎ ጎን ሥራውን በገጽ መከፋፈሉ ነው። ጀማሪ ስሙን አስመዝግቦ፣ መመሪያውን አንብቦ፣ ከመጀመሪያው ዙር አንድ ገጽ ወስዶ መሥራት ይችላል። መጽሐፉን በሙሉ እንዲጨርስ የሚያስገድደው የለም። ከእንግሊዝኛ ሌላ የፈረንሳይኛ መጻሕፍትም ስለሚታረሙ በፈረንሳይኛ የሚማር የጅቡቲ ተማሪ ልምዱን በዚያ ሊጀምር ይችላል።

ሁለተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው በጎ ጎን ደግሞ «የደራሲውን ቃል አትለውጥ» የሚለው ደንብ ነው። አራሚው የሚያርመው የኮምፒዩተሩን ስሕተት እንጂ የደራሲውን አጻጻፍ አይደለም። ጥርጣሬ ሲገባው በቅንፍ ማስታወሻ ጽፎ ያልፋል። ይህ ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም፤ የብራና ጸሐፊዎቻችንም ግድፈት ሲያገኙ የጎደለውን በኅዳጉ ወይም በመስመሮቹ መካከል ይጽፉ ነበር። ይሁንና ስሕተት ባየ ቁጥር ለማቃናት እጁ ለሚፈጥን መምህር ከሁሉ የሚከብደው ደንብ ይኸው ነው።

ይህ ደንብ ለአማርኛ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በምሳሌ እንመልከት። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ዛሬ «ጦቢያ» እየተባለ የሚጠራው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1908) ሮማ ላይ ታተመ። የዚያ ዘመን መጻሕፍት ቃልን ከቃል የሚለዩት በሁለት ነጥብ ነው፤ የፊደል አጠቃቀማቸውም ዛሬ ከምናስተምረው ይለያል። አንድ አራሚ ሁለት ነጥቡን አውጥቶ፣ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ፀን ወደ ጸ ቢመልስ ገጹ የጸዳ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን «ድኅነት» መዳን ሲሆን «ድህነት» ማጣት ነው፤ በግዕዙ «ሠረቀ» ማለት ወጣ፣ «ሰረቀ» ማለት ግን የሰው ዕቃ ወሰደ ማለት ነው። ደራሲው ራሱ ፊደሉን አቀላቅሎ ጽፎ ቢገኝ እንኳ ያ መቀላቀል የቋንቋችን ታሪክ ማስረጃ ነው። ያለ ማስታወሻ የተለወጠ ጽሑፍ ለአንባቢ ቢቀልም ለተመራማሪ አይታመንም።

የአሠራሩ ጉድለትም ሊነገር ይገባል። መመሪያው ረጅም ነው፤ በአብዛኛውም ለላቲን ፊደል የተዘጋጀ በመሆኑ በመስመር መጨረሻ ላይ በሰረዝ ስለተከፈለ ቃል ብዙ ይናገራል፤ የአማርኛ አራሚን የሚያስቸግረው ግን ሌላ ነው። ኮምፒዩተሩ ሊን ከሌ፣ ቢን ከቤ፣ ጎን ከጐ፣ ፮ን ከ፯፣ ሁለት ነጥብን ከአራት ነጥብ ያምታታል። «ሰማ» የነበረው «ስማ» ሲሆን ቃሉ ትክክለኛ አማርኛ ስለሆነ ፎቶግራፉን ያላየ አራሚ ስሕተቱን አያገኘውም። በተጨማሪም የተሠራው ገጽ መቆጠሩ ጀማሪን ለጥድፊያ ይጋብዛል።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ከካርቲየ ሰባት እስከ አዲስ አበባው ቤተ መጻሕፍት፣ እስከ ወመዘክር፣ መንገዱ ሩቅ ነው። መጽሐፉ በፎቶግራፍ ቢላክ አንዱ ገጽ 500 ኪሎባይት ሊመዝን ይችላል፤ 1,500 ፊደል ያለው ገጽ በጽሑፍ ግን ከ5 ኪሎባይት አይበልጥም። በፎቶግራፉ ውስጥ አንድ ቃል ለመፈለግ ገጹን ሁሉ መግለጥ ያስፈልጋል፤ ጽሑፉ ግን በቅጽበት ያወጣዋል፤ ዐይነ ስውር ተማሪም በድምፅ እንዲነበብለት ማድረግ ይቻላል።

ስለዚህ ትምህርት ቤቶች በትንሹ ቢጀምሩ ይበጃል። በቅድሚያ የባለቤትነት መብቱ ያለፈ መጽሐፍ ይመረጥ፤ በኢትዮጵያ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996፣ መብቱ የሚጸናው ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። አፈወርቅ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1947 ስለሆነ ያ ጊዜ አልፏል። ከዚያም እያንዳንዱን ገጽ ሁለት የተለያዩ ተማሪዎች ይመልከቱት። መጽሐፉ 90 ገጽ ቢሆንና 30 ተማሪዎች ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 6 ገጽ ብቻ ነው። መምህሩም ስለ ሁለት ነጥብ፣ ስለ ሞክሼ ፊደላትና ስለ ማስታወሻ አጻጻፍ የሚናገር የአንድ ገጽ ደንብ አስቀድሞ ያዘጋጅ።

ጤፉና አረሙ በቡቃያነታቸው ይመሳሰላሉ። ጥሩ አራሚ የሚባለውም ብዙ የነቀለው ሳይሆን ጎንበስ ብሎ አስተውሎ እህሉን የተወው ነው።