ጡንቻን የሚያስተምር ሕክምና

ባዮፊድባክ ያለ ቀዶ ሕክምናና ያለ መድኃኒት የሚሰጥ፣ ታካሚውን ራሱን የሥራው ባለቤት የሚያደርግ ዘዴ ነው። የሆድ ድርቀት ከሚያሠቃያቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ችግራቸው የአንጀት መዘግየት አይደለም፤ ሲያምጡ መላላት የሚገባው የፊንጢጣና የዳሌ ወለል ጡንቻ በተቃራኒው ይኮማተራል። በሩን ዘግቶ እንደ መግፋት ነው። ጡንቻው ስለማይታይ ግን ሰውየው ይህን አያውቅም።

የዘዴው ውበት እዚህ ላይ ነው። ፊንጢጣ ውስጥ የሚገባ ቀጭን መሣሪያ ግፊቱን ይለካል፤ ልኬቱም ስክሪን ላይ በመስመር ይታያል። ታካሚው መስመሩን እያየ፣ ከላይ በሆዱ መግፋትንና ከታች ማላላትን አንድ ላይ ይለማመዳል። ትንሽ ፊኛ ማስወጣትም የልምምዱ አካል ነው። ብዙዎች ሕመሙን አፍረው ስለሚደብቁት፣ አክባሪና ታጋሽ ባለሙያ ከመሣሪያው እኩል ያስፈልጋል።

ሰገራ ለሚያመልጣቸው ሰዎች ደግሞ ትምህርቱ ጡንቻን ማጥበቅና የሰገራን መምጣት ቶሎ ማወቅ ነው። ተመራማሪዎቹ በርናርድ ኤንገል፣ ማርቪን ሹስተርና ባልደረባቸው በዚህ ላይ የሠሩትን ጥናት በ1974 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ሲያምጡ ጡንቻቸው ለሚኮማተር የሆድ ድርቀት ታካሚዎች ደግሞ ዘዴው ከማለስለሻ መድኃኒት የበለጠ እንደሚረዳ፣ ውጤቱም ለ2 ዓመት እንደሚዘልቅ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ የጣሊያን ንጽጽራዊ ጥናት አሳይቷል።