ዝላይ ዘመድ አያደርግም

ስለ ምሥራቅ አፍሪቃ አራዊት ለሚያስተምር የባዮሎጂ መምህር የጆናታን ኪንግደን «የምሥራቅ አፍሪቃ አጥቢ እንስሳት» የተሰኘው ሥራ ትልቅ ሀብት ነው። ከ1971 እስከ 1982 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሰባት መጻሕፍት ወጥቷል። ደራሲው ታንጋኒካ የተወለዱ፣ በማከረሬ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጥበብ ያስተማሩ ሰው በመሆናቸው ሥዕሎቹን የሠሩት ራሳቸው ናቸው። እኔም ናይሮቢ በነበርኩበት ጊዜ በ1974 የታተመውን፣ ስለ ጥንቸሎችና ስለ ቆርጣሚ እንስሳት የሚናገረውን ክፍል ደጋግሜ ተመልክቼዋለሁ። ስለ መልካም ጎኑና ስለ ጉድለቱ ጥቂት ልበል።

በቅድሚያ አንድ ጥፋቴን ልናገር። ከዓመታት በፊት ለእጩ መምህራን ሳስተምር የሚዘሉትን ትንንሽ አራዊት ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ አስፍሬ «የዘላዮች ወገን» ብያቸው ነበር። አንዲት ሠልጣኝ በፈተና ላይ «እነዚህ አንድ ወገን አይደሉም» ብላ ብትጽፍ ነጥብ ቀነስኩባት። እርሷ ግን ልክ ነበረች።

በኬኒያ ሣር ሜዳዎች ሌሊት ሌሊት የሚወጣ፣ በስዋሂሊ ካመንዴጌሬ የሚባል እንስሳ አለ። ሦስት ኪሎ ያህል ይመዝናል። ቀን ጉድጓዱ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ሣርና ሥራሥር ይበላል። ሲደነግጥ በኋላ እግሮቹ ብቻ ሁለት ሜትርና ከዚያም በላይ ይዘላል። እንግሊዞች «ዘላይ ጥንቸል» ይሉታል። ነገር ግን ጥንቸል አይደለም። ጥንቸል ከላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች በስተኋላ ሌሎች ሁለት ትንንሽ ጥርሶች አሏት፤ ካመንዴጌሬ እንደ አይጥ ሁለት ብቻ አሉት።

የሰሜን አፍሪቃና የዐረብ በረሃዎች ዘላይ ጀርቦአ ይባላል። ከሩቅ ሲያዩት የካመንዴጌሬ ታናሽ ወንድም ይመስላል። እግሩ ግን ሌላ ታሪክ ይናገራል። የጀርቦአ የኋላ እግር ሦስት ጣት ብቻ ሲኖረው የመርገጫው አጥንቶች ተጋጥመው አንድ ሆነዋል። የካመንዴጌሬ ግን አራት ጣት አለው፤ አጥንቶቹም አልተጋጠሙም። ጀርቦአ ለቤት አይጥ ይበልጥ ይቀርባል። የካመንዴጌሬ የቅርብ ዘመዶች ደግሞ በአፍሪቃ ደኖች ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚንሳፈፉት ባለ ቅርፊት ጅራት እንስሳት ናቸው። የአሜሪካው የካንጋሮ አይጥ ወደ ቢቨር ወገን ያደላል። እንግዲህ ገላጣና ደረቅ አገር ሦስት የተለያዩ ቤተሰቦችን በየፊናቸው ዝላይ አስተማራቸው ማለት ነው።

የኪንግደን ሥዕሎች ዋጋ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ቆዳው ተገፎ ጡንቻው፣ ጡንቻው ተነሥቶ አጥንቱ ይታያል። ተማሪው የእንስሳውን ስም ከመሸምደዱ በፊት አካሉ እንዴት እንደሚሠራ ያያል።

ጉድለቶቹም መነገር አለባቸው። አንደኛ፣ ካርታዎቹ ኬኒያን፣ ኡጋንዳንና ታንዛኒያን ብቻ ስለሚይዙ ድንበሩ ላይ ይቆማሉ። እንስሳት ግን ድንበር አያውቁም፤ የኢትዮጵያ መምህር ቀሪውን በራሱ መሙላት ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ የምደባው ትምህርት መጽሐፉን ቀድሞት ሄዷል። የምሥራቁን ካመንዴጌሬ ቶማስ የተባሉት ሊቅ በ1902 ለብቻው ስም ሰጥተውት ነበር። በኋላ ብዙዎች ከደቡብ አፍሪቃው ጋር እንደ አንድ ዝርያ ቆጠሩት። በ1997 የዘር ቅንጣቶችን ያነጻጸረ ጥናት ሁለቱ መለየት እንዳለባቸው አሳየ። ሦስተኛ፣ መጽሐፉ ትልቅና ውድ ስለሆነ በአብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አይገኝም።

ስለዚህ ምክሬ እንዲህ ነው። መጽሐፉን ያገኘ መምህር ሥዕሎቹን ያስተምርባቸው፤ የዝርያ ስሞቹን ግን ከአዳዲስ ጽሑፎች ጋር ያስተያያቸው። ያላገኘም አይቸገር። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለት የኋላ እግሮች ይሣልና «እነዚህ ዘመዳሞች ናቸውን? በምን አወቃችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱን ከመናገሩ በፊት ተማሪዎቹን ያከራክራቸው።

እኔ የዚያችን ሠልጣኝ ነጥብ ዛሬ ልመልስላት አልችልም። ሠንጠረዡን ግን ቀድጄዋለሁ። ውድ ተማሪዎች፣ መምህራችሁ በመልክ ብቻ ሲመድብ ብታዩ በአክብሮት «ጥርሱስ? አጥንቱስ?» ብላችሁ ጠይቁት።