ልጅ በዕድሉ ያድጋል?

ከአባባሎቻችን መካከል ሥልጣን ቢኖረኝ ጡረታ የማስወጣው አንድ አለ፤ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለውን። መጀመሪያ ሲነገር ያጣች እናትን ለማጽናናት ይሆናል፤ ክፋት አይኖረውም። ዛሬ ግን ማጽናኛነቱ ቀርቶ የአሠራር መመሪያ ሆኗል። ወላጁም፣ ቀበሌውም፣ ወረዳውም ከሰባት ዓመት በታች ያለውን ልጅ ለዕድሉ አስረክበው ወደየጉዳያቸው ይሄዳሉ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። «ቀብር በዕድሉ ይፈጸማል» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አልገጠመኝም። ለቀብር እድር አለን። እድሩ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። ወርኃዊ መዋጮ አለ፤ የቀረ ይቀጣል። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱ ተቆጥሮ ተመዝግቧል። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ዲግሪ የጫነ ባለሙያ አይደለም፤ እዚያው ሰፈር የሚኖር ገበሬ፣ ነጋዴ፣ ጡረተኛ ነው። ለሞት እንዲህ የተደራጀ ሕዝብ ለሕፃን ልጁ ሲሆን «ዕድሉ ያውቃል» ማለቱ ነው እኔን የሚያናድደኝ።

ጌጫን ለምሳሌ እንውሰድ። ጌጫ በሸካ ዞን የአንድራቻ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከማሻ ወደ ቴፒ የሚወርድ ሰው ያልፍባታል። ዙሪያዋ እንሰት፣ ቀርከሃና የጫካ ማር ነው፤ ወደ ቆላው ወረድ ሲባል ደግሞ ቡና። የሸካን ጫካ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። ጫካው ተመዘገበ፣ እሰየው። በጫካው ዳር የሚያድገውን የአራት ዓመት ልጅስ ማን መዘገበው?

ቡና ሲደርስ አንዲት እናት ምን ታደርጋለች? ምርጫዋ ሦስት ነው። ትንሹን አዝላ ትለቅማለች። ወይም ጎረቤት ዘንድ ትጥለዋለች፤ ጎረቤቷ ግን እሷም ለቀማ ላይ ናት። ሦስተኛውና የተለመደው፣ የስምንት ዓመቷን ልጅ ከትምህርት ቤት አስቀርታ ሞግዚት ማድረግ ነው። ሞግዚቷ ራሷ ሞግዚት የሚያስፈልጋት ልጅ ናት! አንድ ሕፃን መዋያ በማጣቱ ሁለት ልጆች ትምህርት አጡ ማለት ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ በ2010 ዓ.ም. ሲወጣ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር። ጥሩ ነገር ነው። ቡና ለቃሚዋ ግን የመሥሪያ ቤት መታወቂያ የላትም።

መንግሥት ምንም አልሠራም አልልም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናትን በስም ቢያነሳም ሥራውን በተግባር ለግል ባለሀብት፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለግብረ ሠናይ ድርጅቶች ትቶት ኖረ። ባለሀብቱ ደግሞ የሚከፍል ወላጅ ወዳለበት ከተማ ሄደ፤ ሊፈረድበት አይችልም። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። ከዚያ ወዲህ «ዜሮ ክፍል» የሚባለው በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲም ቅድመ አንደኛን የሁለት ዓመት ደረጃ አድርጎ አስቀምጦታል።

ዜሮ ክፍል ብዙ ሕፃናትን ከደጅ አስገብቷል፤ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን በብዙ ቦታ የአንደኛ ክፍል ታናሽ ወንድም ነው። ያው አግዳሚ ወንበር፣ ያው ጥቁር ሰሌዳ፣ ያው በጩኸት የሚሸመደድ ፊደል። የሦስትና የአራት ዓመቱን ልጅ አይነካውም። ዝናብ በማይጠግበው የሸካ ምድር ደግሞ ትንሽ እግር ጭቃ እየረገጠ ሩቅ ትምህርት ቤት ድረስ ይሂድ ማለት ቀልድ ነው። ለዚህ ዕድሜ የሚሆነው ቤት እናት ስትጠራ የሚሰማበት፣ እዚያው መንደር ውስጥ ያለ ቤት ነው።

እንዲህ ያለውን ቤት ወላጆች ራሳቸው ቢይዙትስ? ይህን ስል «የማኅበረሰብ ተሳትፎማ አለ!» የሚለኝ አይጠፋም። አለ እንጂ! ስብሰባ ይጠራል፤ እንጨት አምጡ፣ ቆርቆሮ ግዙ፣ አጥር እጠሩ ይባላል። ወላጅ ያዋጣል፤ ያጨበጭባል፤ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አስተማሪዋን ማን መረጠ? የተዋጣው ብር የት ገባ? በስንት ሰዓት ይከፈት? እዚህ ላይ ተሳትፎው ያበቃል። የእኛ አገር ተሳትፎ ኪስ እንጂ አፍ የለውም። ወላጅ የሚመራው ማዕከል ልዩነቱ ቁልፉ በማን እጅ ነው የሚለው ላይ ነው። ቁልፉ በወላጆች እጅ ከሆነ በለቀማ ወራት ጎህ ሲቀድ ይከፈታል፤ ምክንያቱም እናቶቹ የሚወጡበትን ሰዓት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። መጫወቻው ከአዲስ አበባ እስኪላክ አይጠበቅም፤ ከቀርከሃና ከሸክላ ይሠራል። አያት ገብተው በሸክኛ ተረት ያወራሉ። ልጁም ከቤቱ ቋንቋ በአንድ ቀን አይነጠልም።

«ያልተማረ ወላጅ ምን ያውቃል?» ለሚሉ ደግሞ ሁለት ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1945፣ ጦርነቱ ባበቃ ማግሥት፣ በጣሊያን ሬጆ ኤሚሊያ አጠገብ የምትገኝ የአንዲት መንደር ሰዎች ጀርመኖች ጥለውት የሄዱትን ታንክ፣ የጭነት መኪናና ፈረሶች ሸጠው ለሕፃናት ትምህርት ቤት ሠሩ። ዛሬ የዓለም ምሁራን ሊማሩበት የሚጎርፉት የሬጆ ኤሚሊያ ትምህርት ከዚያ ነው የተነሳው። በኒውዚላንድም ከ1941 ጀምሮ ወላጆች በተራ እየገቡ የሚመሩት የሕፃናት መዋያ እስካሁን አለ።

ጎረቤታችን ኬንያ ግን ሌላ ትምህርት ትሰጠናለች። ከነጻነት በኋላ ሕዝቡ በ«ሃራምቤ» ብዙ መዋዕለ ሕፃናት ሠራ። ቤት መሥራቱ አልከበደም፤ የአስተማሪዋን ደመወዝ በየወሩ መክፈል ግን ከበደ። ድሃው መንደር የድሃ አስተማሪ ይዞ ቀረ። በ2010 የወጣው ሕገ መንግሥታቸው ቅድመ አንደኛን ለካውንቲዎች ኃላፊነት ሰጠ። ስለዚህ «ወላጅ ይምራ» ማለት «መንግሥት ይረፍ» ማለት አይደለም። ደመወዝና ሥልጠና የመንግሥት ይሁን፤ ቁልፉና ሒሳቡ የወላጅ። ቡናውን የሚረከበው ነጋዴና ባለ እርሻም ቢሆን እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። የሚለቅሙለት እናቶች ልጅ አላቸው።

ወላጆችስ? ሁሉን ነገር ከወረዳ መጠበቅ ቀሎናል። በመዋጮ መዝገብ ላይ የአባወራው ስም ስላለ ብቻ እናቶች በስብሰባ ኋላ ተቀምጠው እንዲሰሙ መደረጉም ሊቀር ይገባል። የልጁን ውሎ የምታውቀው እሷ ናት፤ ሰብሳቢም ገንዘብ ያዥም ትሁን።

ለመጀመር አዲስ ማኅበር፣ አዲስ ማኅተም አያስፈልግም። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ፣ መዋጮ ተከፍሎ፣ ያልመጡት ቅጣት ተመዝግቦ፣ «ሌላ ጉዳይ ያለው?» ሲባል አንድ ሰው እጁን ያውጣ። «የልጆቻችን መዋያ» ይበል። ጸሐፊው ይመዝግብ። ለድንኳን የሚበቃ እድር ለአንዲት ጎጆ አያንስም።