ድርሻ ወይስ ችሮታ? ስለ ለገደምቢ ወርቅ

የየቡ ገበሬ ቡናውን ለቅሞ ሲያወርድ ዋጋው ቢያንሰው ወደ ሌላ ነጋዴ ይሄዳል፤ ዛፉም ለከርሞ ያፈራል። በጉጂ፥ በሻኪሶ አጠገብ፥ በለገደምቢ የሚኖረው ሰው ግን ወርቁ ከደጁ ሲወጣ ሻጩ እርሱ አይደለም፤ የወጣውም ወርቅ ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ድርሻውን የሚያስከብርለት ሕግ ብቻ ነው።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይደነግጋል። የ2002 ዓ.ም. የማዕድን አዋጅ ቁጥር 678 ግን ባለፈቃዱ በአካባቢው ሕዝብ የልማት ዕቅድ እንዲሳተፍ ያዛል። እኛ የምንነቅፈው ይህን «መሳተፍ» የሚባለውን ቃል ነው። ኩባንያው ረጂ፥ ባለሀብቱ ሕዝብ ተረጂ ሆኖ ይገኛልና። ትምህርት ቤት መሥራት ያስመሰግናል፤ ነገር ግን ችሮታ ድርሻን አይተካም።

ማዕድኑ እ.ኤ.አ. በ1997 ለሚድሮክ ተሸጠ። በ2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ሲታደስ ሕዝቡ «ውኃችን ተበከለ፥ ልጆቻችን ታመሙ፥ ጥቅምም አላገኘን» ብሎ ተነሣ፤ ኩባንያው ክሱን ቢያስተባብልም፥ መንግሥት በግንቦት ወር ፈቃዱን አገደ። በ2013 ዓ.ም. ሥራው እንደገና ተጀመረ። ይሁን እንጂ መዝጋትም ሆነ መክፈት በራሱ ድርሻን አያካፍልም።

በእኛ አስተያየት ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ ይኸውም የአካባቢው ድርሻ ከሽያጩ በመቶኛ በሕግ ይወሰን፤ ውሉ ለሕዝብ ይገለጥ፤ የውኃው ምርመራ ውጤት በነዋሪው ቋንቋ ይነበብ። ባለቤት የሚጠይቀው ምጽዋት ሳይሆን ሒሳብ ነው።