ለረከቦት የሚሆን ኮላ

የሣጥን ቅርጽ ያለው ረከቦት አራት ጎን፣ አንድ ገበታና አራት አጫጭር እግሮች አሉት። እንጨቱ ዋንዛ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ለመላጊያ ይመቻል፣ ኮላም ይቀበላል። ግን ረከቦት ደረቅ ሆኖ የሚውል ዕቃ አይደለም። የታጠበ ሲኒ ውኃው ሳይጠፈጠፍ ይደረደርበታል። ቡና ይፈስበታል። በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ስለዚህ ኮላ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታሰበው ውኃ ነው።

አናጺ ቤት ውስጥ ኮላ ሲባል ነጩ ነው። ወተት የመሰለው ፈሳሽ፣ በውኃ ውስጥ የተበተኑ እጅግ ደቃቅ የፕላስቲክ ጠብታዎችን ይዟል። ፕላስቲኩ ፖሊቪኒል አሲቴት ይባላል፤ ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ክላተ በ1912 እ.ኤ.አ. ያገኘው ነው። ሁለት እንጨት ሲጋጠም ውኃውን እንጨቱ ይጠጣዋል። ጠብታዎቹ ይቀራረባሉ፣ ከዚያም ይዋሃዳሉ። ነጩ መስመር ቀስ እያለ ጥርት ይላል።

ተራው ነጭ ኮላ በደረቅ ክፍል ለሚቀመጥ መደርደሪያ ይበቃል። ውኃ ሲደጋገምበት ግን ይለሰልሳል። ኢኤን 204 የተባለው የአውሮፓ መለኪያ የእንጨት ኮላዎችን ውኃ በመቋቋም አቅማቸው ከዲ1 እስከ ዲ4 ይመድባቸዋል። ለረከቦት ዲ3 ልክ ነው፤ ለአጭር ጊዜ ግን በተደጋጋሚ ውኃ ለሚነካው ዕቃ የታሰበ ነው። ማስቲሽ ለፎርማይካ ጥሩ ነው፤ ከደረቀም በኋላ እንደ ጎማ ስለሚለጠጥ የሣጥን ማዕዘን አጥብቆ አይዝም። ኢፖክሲ ውኃ አይፈራም፣ ክፍተትም ይሞላል። በደንብ ለተላገ እንጨት ግን አያስፈልግም።

ነጭ ኮላ ክፍተት መሙላት አይችልም፤ ጥንካሬው ያለው በስስነቱ ነው። ጥሩ የኮላ መስመር ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ገበታው ከሁለት ጣውላ የሚጋጠም ከሆነ ጠርዞቹ ተልገው፣ ያለ ኮላ ተገጥመው ወደ ብርሃን ይታያሉ። በመካከላቸው ብርሃን ካለፈ ወደ መላጊያው መመለስ ነው። ከዚያ ኮላው በጠርዙ ሙሉ ስፋት ላይ በስሱ ይቀባል። በሞርሳ ሲጠብቅ በመጋጠሚያው ርዝመት ሁሉ ደቃቅ ጠብታዎች እኩል ብቅ ካሉ መጠኑ ልክ ነው። ይህን መስመር ማየት እጅግ ደስ ይለኛል። ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ አይጠረግም፤ የቀጠነው ኮላ ወደ እንጨቱ ቀዳዳ ይገባና ቫርኒሽ ሲቀባ ገርጣ ያለ ቦታ ሆኖ ይወጣል። እስኪረጋ ተጠብቆ በመሮ ይነሣል።

ማዕዘኖቹ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ተቆርጦ የቃጫው አፍ የሚታይበት የእንጨት ጫፍ ኮላውን ይመጠዋል፣ ላዩ ላይ የሚይዝ ነገር አይተርፍም። ስለዚህ ጎኖቹ ጫፍ ለጫፍ አይለጠፉም፤ ጣት ለጣት ተጠርበው ይቆላለፋሉ። ያኔ የአንዱ ጣት ጎን ከሌላው ጣት ጎን ጋር ይገናኛል፣ ኮላውም ሥራውን ይሠራል።

ገበታው ክረምት ሲገባ በቃጫው አግድም ይሰፋል፣ በበጋ ይጠብባል። ዙሪያውን በኮላ ከታሰረ መፈናፈኛ ያጣል፤ ያኔ የሚሰነጠቀው እንጨቱ እንጂ ኮላው አይደለም። ስለዚህ በጎኖቹ ውስጠኛ ፊት ቦይ ይቆፈርና ገበታው ያለ ኮላ ይሻጥበታል። 

በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ማለዳ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል። በዚያ ብርድ ብዙው ነጭ ኮላ ሳይዋሃድ ይደርቃል፤ መስመሩ ጥርት ማለቱ ቀርቶ እንደ ኖራ ይነጣል፣ በጥፍርም ይፋቃል። እንጨቱም ኮላውም ቤት ውስጥ ይደሩ፤ ሥራው ፀሐይ ሞቅ ስትል ይጀመር። ሞርሳው ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊፈታ ይችላል። ኮላው ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ግን ከ24 ሰዓት በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ቫርኒሽም ሲኒም አይንካው።