«አድናቂ» ስለሚለው ቃል

በንግግራችንም ኾነ በጽሑፋችን ከሚመላለሱት ቃላት አንዱ «አድናቂ» የሚለው ነው። ዘፋኝ አድናቂ አለው፤ የኳስ ተጫዋች አድናቂ አለው፤ ደራሲም እንዲሁ። ዳሩ ግን ቃሉ በአፍ በበዛ ቍጥር ፍቺው እየሳሳ ኼዶ፥ ዛሬ አወዳሹም፥ ደጋፊውም፥ አጨብጫቢውም በአንድነት «አድናቂ» ሲባሉ እንሰማለን። ከዚህ የተነሣ የአንድ ድርሰት ጕድለት ያመለከተ ሰው ወዲያው «ምቀኛ» ይባላል። ስለዚህ ቃሉን ከሥሩ መመርመር ተገቢ ነው።

የቃሉ ሥር «ደነቀ» ነው። «ነገሩ ደነቀኝ» ስንል አድራጊው ነገሩ ነው፤ ሰውዬው ግን የደረሰበትን ተቀባይ ብቻ ነው። የፀሓይ መጨለም ይደንቃል፤ የግፈኛም ጭካኔ ይደንቃል። እንግዲህ መደነቅ ብቻውን የነገሩን መልካምነት አይመሰክርም። «አደነቀ» ባልን ጊዜ ግን አገባቡ ይገለበጣል፤ ሰውዬው ራሱ አድራጊ ይኾናል። የሚያደንቀውም መልካም ነው ብሎ የፈረደለትን ነው። ባለጌውን «ድፍረትኽን አደንቃለኹ» የምንለው ለሽሙጥ ነው፤ ሽሙጥ ሊኾን የቻለውም ቃሉ በጠባዩ ምስጋናን ስለ ያዘ ነው።

«ተደነቀ» የሚለውም ቃል ኹለቱን ፍቺ ይዟል። በቀድሞው አነጋገር «ሕዝቡ ተደነቀ» ማለት ተገረመ ማለት ሲኾን፥ ዛሬ «ድርሰቱ ተደነቀ» ብንል ምስጋና አገኘ ማለታችን ነው። እንግዲህ አድናቂ ማለት ተገርሞ የቀረ ሳይኾን፥ ከተገረመ በዃላ መርምሮ የፈረደ ሰው ነው።

ጎረቤቶቹ ከዚህ ይለያሉ። «አወዳሽ» ከግእዙ «ወደሰ» የመጣ ነው፤ ሥራው ተወዳሹን ከፍ ማድረግ ስለ ኾነ ምክንያት አይጠየቅም። አዝማሪ የሸለመውን ጌታ ቢያሞግስ ማንም አይቀየመውም፤ ሙያው ነውና። «ደጋፊ» ስሙ እንደሚያመለክተው እንዳይወድቅ የሚይዝ ነው፤ ቡድኑ ቢሸነፍም አይለየውም። «አጨብጫቢ» ግን እጁ ከልቡ ቀድሞ የሚነሣ ነው።

በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ለምሳሌ እንውሰድ። አንዱን አንባቢ «ለምን ያደንቁታል?» ብንለው፥ «ድንቅ መጽሐፍ ስለ ኾነ» ቢለን ጥያቄአችንን መለሰልን እንጂ ምንም አልነገረንም። ሌላው ግን ደራሲው የፊታውራሪ መሸሻን ትዕቢት በስድብ ሳይኾን በራሳቸው አነጋገርና ሥራ እንዴት እንደ ገለጡት፥ ስለ ሥርዐቱም የሚነገረውን እውነት ሰው እንደ እብድ ከሚቈጥረው ከጉዱ ካሣ አፍ እንዴት እንዳወጡት ያስረዳናል። ይኸው ሰው «የሰዎቹ ንግግር አልፎ አልፎ ይረዝማል» ብሎ ቢጨምር፥ አድናቂነቱ የበለጠ ይታመናል እንጂ አይጐድልም።

ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸውን «መጽሐፉን ወደዳችኹት ወይ?» ብለው ብቻ ባይተዉአቸው፥ «ምኑን? ስለ ምን?» ብለው ቢያስከትሉ መልካም ነው። ደራሲም ቢኾን አጨብጫቢውን ከአድናቂው ለይቶ ማወቅ ይጠቅመዋል። አጨብጫቢው ነገ ለሌላ ያጨበጭባል፤ አድናቂው ግን የሚቀጥለውን መጽሐፍ ከፊተኛው ጋራ አስተያይቶ ያነብለታል።